ሙመድ ያለበት ካሴት

"አሁን! አዴ ሃሊሞ፣ ተጫኚው!"

የሃሊሞ ጣት የማቆሚያው ቁልፍ ላይ እንዳለ ቀረ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ልጇ ሙመድ ሰርገኛውን ሰንጥቆ ወጣ፤ የእህቱን የመድናን ሻሽ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ጨፈረ፣ ወደ ካሜራው ሳቀና ተመልሶ ሰው መሃል ገባ።

"አቦ፣ አለፈ!" አለ በድሩ። ሁለቱንም የቪዲዮ ዴክ አቁሞ ካሴቱን ወደ ኋላ መለሰ። "ይኸው ሦስቴ። እኔ ልጫነው ስልሽ እምቢ አልሽ።"

"የወለድኩት እኔ ነኝ፤ የማወጣውም እኔ ነኝ።"

መጋላ ሰፈር ውስጥ ካሴት የሚያባዛ ሞልቷል፤ ምስጢር የማያባዛው ግን በድሩ ብቻ ነው። ሥራው ለአፍ ቀላል ነበር። የሰርጉ ካሴት ከግራው ዴክ ወደ ቀኙ ይገለበጣል፤ ሙመድ ብቅ ሲል የቀኙ ይቆማል፣ ሲሄድ ይቀጥላል። ከጸዳው ካሴት አምስት ኮፒ ይወጣል። በመጨረሻም ዋናው ላይ ሌላ ነገር ተቀርጾበት ሙመድ ከነሳቁ ይጠፋል።

የብሔራዊ ውትድርና ምዝገባ የመጣ ጊዜ ሃሊሞ "ልጄ ጂቡቲ ከሄደ መንፈቅ አለፈው" ብላ ለቀበሌ በጣቷ ፈርማለች። ልጁ ግን ጓዳዋ ውስጥ ነበር። የእህቱ ሰርግ ቀን ማን ይያዘው፤ ወጥቶ ጨፈረ። በሦስተኛው ቀን የእውነቱን ሄደ። ይኸው ስምንት ወር፣ አንድ ቃል አልላከም። አሁን የሙሽራው ዘመዶች ካሴቱን ካላየን ብለው ወጥረዋታል። ቀበሌ ካየው እስር አለ። ከእስሩ ይልቅ ግን የሚያስፈራት የጎረቤቶቿ ዓይን ነው። ልጆቻቸው ሁርሶ ጦር ማሠልጠኛ የገቡባቸው እናቶች ሰርጉን ለማየት አብረው ይቀመጣሉ፤ ያን ጊዜ ምን ብላ ፊታቸውን ታያለች?

በአራተኛው ተጫነችው።

በድሩ የጸዳውን ካሴት ከፍቶ አሳያት። ምስሉ አንዴ ተንቀጠቀጠና ሰርገኛው ማጨብጨቡን ቀጠለ። መሃል ላይ ግን የሚጨፍር ሰው የለም።

"አልሀምዱሊላህ፣ አይታወቅም" አለ በድሩ፣ እስክሪብቶ እያነሳ። "ለማን ለማን ልጻፍ?"

"ሁለቱ ለሙሽራው ቤት። አንድ ለመድና፣ አንድ ለእኔ። አንዱ ጂቡቲ ላለችው እህቴ ለፋዱማ ነው፤ ነጋዴዋ ደሄቦ በነገው ባቡር ይዛላት ትሄዳለች።"

በድሩ "ፋዱማ" ብሎ ጽፎ ሳይጨርስ እጁን ያዘችው።

"ሙመድ አክስቱ ቤት ቢመጣስ?"

"ኢንሻአላህ ይመጣል።"

"ያየዋላ።"

ሙመድ የፋዱማ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ፣ አሁን እመጣለሁ፣ አሁን እጨፍራለሁ እያለ ሲጠብቅ ለሃሊሞ ታያት። ቦታው ደርሶ ያልፋል። እናቴ ጨርሳ አወጣችኝ ይላል። በሕይወት ካለ።

"እንግዲያው የእሷን ከዋናው ልገልብጥላት" አለ በድሩ። "ከዚያ ዋናውን አጠፋዋለሁ።"

"ሲገለበጥ ፊት ይደበዝዛል አላልከኝም?"

"ትንሽ ይደበዝዛል።"

"ዋናው ራሱ ይሂድ።"

"ወላሂ አብደሻል! ባቡር ላይ ቢፈተሽስ?"

"ሰርግ ነው፤ ምን ያደርጉታል? የሙመድን ፊት የሚያውቀው የእኛ ቀበሌ ነው እንጂ ፈታሽ አይደለም። ይልቅ እዚያ ማንም ዘፈን እንዳይቀርጽበት ምን ይደረጋል?"

በድሩ ካሴቱን አውጥቶ ጀርባው ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ አሳያት። "ይቺ ከተሰበረች መቅረጫው አይሠራም። ግን አዴ፣ አንቺስ? በአንቺ ካሴት እኮ ሙመድ የለም። ናፍቆት ሲያንገበግብሽ ምን ልታዪ ነው?"

"አራቴ አየሁት አይደል" አለች።

ከጉያዋ የሳጥኗን ቁልፍ አውጥታ ፕላስቲኳን ሰበረች።