የከል ትራፊ

ኅዳር አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል… ሳፋ ሙሉ ጥቁር ውሃ።

ዝም ያለ ውሃ። ነጠላዬን የዋጠ፣ ቀሚሴን የዋጠ፣ ክንዴን እስከ ክርኔ የዋጠ ውሃ። ከላዩ ቀጭን እንፋሎት ይነሳል… ከሥሩ ምንም አይታይም።

ወንድሜ አንዳርጌ የተቀበረ ማግሥት ነበር። ሹፌር ነበር አንዳርጌ። ጣርማ በር ላይ፣ ጭጋግ ውስጥ፣ መኪናው ከመንገድ ወጣ።

እኔም እንደ እናቶቼ ከል ነከርኩ። በእኛ ቤት የሐዘን ልብስ አይገዛም። ያው የለበስነው ነጭ፣ ያው የሳቅንበት ነጭ ነው የሚጠቁረው። ነክሬ ስጨርስ ትራፊውን መድፋት ነበረብኝ። የከል ትራፊ ከቤት አያድርም ይላሉ የእኛ ሰዎች፤ ካደረ ሌላ ሐዘን ይጠራል።

አልደፋሁትም።

እጄን ከውሃው አወጣሁ። መጥረጊያ ጨርቅ አጣሁ። ገመድ ላይ የተሰጣ አንሶላ ነበር፤ እሱ ላይ ጠረግሁት። አምስት ጣት… ከዚያ ወደ ታች የወረደ ረጅም ጥቁር… ከዚያ የቀጠነ፣ ቀጥኖም የጠፋ። ቆሜ አየሁት። ደረቴ ውስጥ የነበረው ነገር ከደረቴ ውጭ፣ ገመድ ላይ ተሰቅሎ፣ አየሁት።

ፈራሁ። ፈራሁና ሣልኩ።

ባሌ ምትኩም ሹፌር ነው። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ጭጋግ፣ ከሸዋሮቢት ሽንኩርት ጭኖ ወደምንኖርበት ደብረ ብርሃን ይወጣል። እሱ ከቤት ሲወጣ ይገባል ፍርሃቱ። ስልክ ሲጮህ እፈራለሁ። ስልክ ዝም ሲል እፈራለሁ። ሰው በሩን ቀስ አድርጎ ሲያንኳኳ እፈራለሁ፤ መርዶ ነጋሪ በኃይል አያንኳኳምና።

ፈራሁና ሣልኩ። በመጥረጊያ ሣልኩ፣ በሰፍነግ ሣልኩ፣ በክርኔ ሣልኩ። በመጀመሪያ የአንዳርጌን ፊት ሞከርኩ፤ ዓይኑ ጋ ስደርስ እጄ እምቢ አለ። ፊቱን ተውኩት። መኪናውን ልሥል አልኩ፤ እሱንም ተውኩት። ገደሉንም ተውኩት። ሁሉም ሲቀር፣ ሁሉም ሲቀር… ደረቴ ላይ የተጫነው ክብደቱ ብቻ ቀረ።

እሱን ሣልኩ፣ ክብደቱን።

ያስተማረኝ የለም። ጥቁሩን በውሃ ማቅጠን ከእጄ ተማርኩ፤ ግራጫ ወጣልኝ። አንድ ቀን ዳሩን በእርድ ነካ አደረግሁት፤ የታመመ ሰው ዓይን የመሰለ ቢጫ ሆነ። አንሶላውን ሁሉ መሙላት እንደሌለብኝም ቆይቶ ገባኝ… ያልተነካው ነጭ ከተነካው ጥቁር ይበልጥ ያስፈራል። የሠራሁ ቀን እንቅልፍ ይወስደኛል። ያልሠራሁ ቀን አይወስደኝም። ሌላ የማውቀው መድኃኒት አልነበረኝም።

እትዬ የሺመቤት፣ የአባቴ እህት፣ አንድ እሑድ መጡና አንሶላው ፊት ቆሙ።

«ምንድን ነው ይሄ? ሰው ነው? በግ ነው?»

«ምንም አይደለም፣ እትዬ።»

«ምንም ካልሆነ አንሶላው ምን በደለሽ?» ጄሪካኑን አዩት፤ ትራፊው ያለበትን። ፊታቸው ተለወጠ። «ስንዱ… ይሄ ከል ነው?»

«ቀለም ነው እኮ፣ እትዬ።»

«ቀለም ነው ትለኛለች። አንዱን ቀብረሽ ሌላውን መንገድ ላይ አስቀምጠሽ፣ ከል በጄሪካን ታጠራቅሚያለሽ?»

ሳቅሁ። እሳቸው ሲሄዱ ግን ሳቁ አብሯቸው ሄደ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሆነ ፍርሃቴ፦ መንገዱና ጄሪካኑ።

መጋቢት ገባ። ምትኩ ከሸዋሮቢት ደውሎ «ለቁርስ እደርሳለሁ» አለኝ። ቁርስ አለፈ። ምሳ አለፈ። ጭጋጉ ከጣርማ በር ተነስቶ እኛ አጥር ድረስ መጣ፤ አጥሩን ዋጠ፣ ገመዱን ዋጠ፣ የጎረቤቱን ጣሪያ ዋጠ። ስልኩ አይሠራም። ደወልኩ። ስልኩ አይሠራም።

እትዬ የሺመቤት ከጭጋጉ ውስጥ ወጡ፣ በትራቸውን ይዘው።

«ድፊው» አሉ።

ጄሪካኑን ይዤ ወደ አጥሩ ሄድኩ። ክዳኑን ከፈትኩ። ምትኩ መንገድ ላይ ነው… ምትኩ ገደል ውስጥ ነው… ምትኩ መንገድ ላይ ነው… እጄ አልዘነበለም።

«ከደፋሁት፣ ሞቷል ብዬ ማመኔ ነው» አልኳቸው።

«ካልደፋሽው ይሞታል እኮ ነው የምልሽ።»

«ታዲያ ምን ይሁን፣ እትዬ?»

 ገመዱ ላይ የቀረውን አንድ ንጹሕ አንሶላ አዩ።

«እንግዲያው ጨርሺው» አሉ። «ያለቀ ከል በምኑ ሌላ ሐዘን ይጠራል? ነይ፣ እኔ ጫፉን ልያዝልሽ። እኔን እንዳትሥዪኝ ብቻ።»

ሳፋው ላይ ገለበጥኩት። ሳፋ ሙሉ ጥቁር ውሃ… ፈራሁ። ፈራሁና ሣልኩ። በሁለት እጄ ሣልኩ፣ በግንባሬ ሣልኩ፣ እየጮህኩ ሣልኩ። እትዬ የሺመቤት ጫፉን ይዘው ዳዊት ይደግማሉ፤ በመሐል «እዚህ ጋ ቀጭን ሆነ» ይሉኛል። ጨመርኩ። ጥቁሩ ከግራ መጣ፣ ግራጫው ከቀኝ መጣ፣ መሐል ላይ እጄ ቆመ። መሐሉን አልነካሁትም። ነጭ ቀረ።

ሳፋው ባዶ ሆነ።

ቆየ… ጭጋጉ ውስጥ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ።

ምትኩ ገባ፣ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ። ተሳቢ ተገልብጦ መንገዱ ከንጋት ጀምሮ ተዘግቶ ነበር፤ ኔትወርክም አልነበረም። 

«አንተ ሰውዬ፣ አስረጀኸን» አሉት እትዬ የሺመቤት።

እሱ አንሶላውን ያያል።

«ይሄ ጣርማ በር ነው» አለ።

«መንገድ አልሣልኩም» አልኩት።

ነጩን መሐል በጣቱ አሳየኝ፣ ሳይነካው። «እዚህ ጋ ነው። እዚህ ጋ ስደርስ ፍሬን የምረግጥበት እግሬ ይንቀጠቀጣል። አንዳርጌ ከሞተ ጀምሮ፣ በየጉዞው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«የራሷ ፍርሃት ይበቃታል ብዬ።»

መሬት ላይ ተቀመጠ። ድንኳን ውስጥ፣ ሰው መሐል ያላለቀሰውን ያን ጊዜ አለቀሰ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። እትዬ የሺመቤት እጃቸው እየዛለ ጫፉን አልለቀቁም።

ፈራ። ፈራሁ። አብረን ፈራን… አብሮ ሲፈሩት ፍርሃት መጠኑ ይታወቃል።

ምትኩ በሰኔ የመኪናውን ቁልፍ ለባለንብረቱ መለሰ። አሁን እዚሁ ከተማ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ጆንያ ይሰፋል።