ሞተር ላይ የተቀመጠ ሻይ

ልብስ ሰፊዋ ጥፋቷን አምና አታውቅም። እውነቴን ነው። ሙሽራ ሆና ወደዚህ ግቢ ከገባች ጀምሮ ምግብ ካረረ ምድጃው ነው፣ ቀጠሮ ካለፈ ሰዓቱ ነው፣ የሰፋችው ሱሪ ከጠበበ ደግሞ ሰውየው ልኩ ከተወሰደ በኋላ ወፍሮ ነው። ባሏ መካኒኩ ጠባይዋን ስለሚያውቅ አይከራከራትም። "ልክ ነሽ እሜቴ" ይልና ወደ ሥራው ይሄዳል። ትዳሩ የሰነበተው በዚሁ ነው የሚሉ አሉ፤ በተለይ አፉ ስለማይዘጋ መንደሩ "ሬዲዮ" ያለው ጡረተኛ ጎረቤታቸው፣ ይህን ሳይል አይውልም።

የዚያ ሰሞን ነገር የተጀመረው በአሮጌዋ ፒካፕ ነው። ባልና ሚስቱ "እትዬ" ይሏታል። እዚህ ግቢ ከልብስ ሰፊዋ ቀድማ የገባች ስለሆነች እንደ ባል ታላቅ እህት ትከበርልኝ ብሎ መካኒኩ በሙሽርነታቸው ቀልዶ ነበር፤ ቀልዱ ስም ሆኖ ቀረ። እትዬ ያልተሸከመችው ነገር የለም። የመጀመሪያዋን የስፌት መኪና ጭና ያመጣች እሷ። ምጥ ሲመጣ ሐኪም ቤት ያደረሰች እሷ፤ እናትና ልጅን በደህና የመለሰችም እሷ። ያቺ ልጅ አድጋ፣ ተድራ፣ ሩቅ ስትሄድ ሻንጣዋን ተሸክማ የሸኘች እሷው ናት። ከዚያ ወዲህ ግን ሸራ ለብሳ አጥር ሥር ተኛች፤ ድመት ወለደችባት፣ ሰውም ረሳት።

መካኒኩ ዕድሜው ገፍቶ ከጋራዥ ሲሰናበት በመጀመሪያው ሳምንት ሸራውን ገፈፈው። "ስንት ዘመን አገልግላን እንዲህ ዝጋ ትሙት? ነውር ነው" አለ። ልብስ ሰፊዋም ደስ አላት። ቤት የዋለ ወንድ ድስት ከፍቶ ከማየት መኪና ከፍቶ ቢያይ ይሻላል ብላ ነው፤ እሷ ግን ይህን ጮክ ብላ አልተናገረችም።

ዝገቱ ተፋቀ፣ ወንበሩ አዲስ ልብስ ለበሰ፣ ፍሬኑ ተሠራ። ያስቸገረው የመካኒኩ እጅ ብቻ ነበር። መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቷል። ሐኪሙ የሰጠው ኪኒን ያስታግሰዋል እንጂ አያቆመውም። ትልልቁን መፍቻ እንደምንም ይይዛል፤ ጥቃቅኑ ሥራ ግን የሚስቱ ሆነ። ቀጫጭን ሽቦ የምታስረው፣ የምስር ፍሬ የምታህል ብሎን የምታስገባው እሷ ናት። "በመርፌ ቀዳዳ ክር ሳስገባ ለኖርኩት ይሄ ምኑ ነው?" ትላለች አንገቷን ቀና አድርጋ። ካርቡራተሩ፣ ማለትም ነዳጅና አየር የሚያቀላቅለው ዕቃ፣ ተፈትቶ ሲጸዳ ሥሩ የሚነጠፈው ስስ የካርቶን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ተገኘ። አዲሱን በመቀሷ የቆረጠችው እሷ ናት፣ ልክ እንደ ኮሌታ፣ በአሮጌው ላይ ልኩን ወስዳ። "ከፋብሪካው ያስንቃል" አላት መካኒኩ፣ አገላብጦ እንኳ ሳያየው። እሷም "ድሮስ?" አለች።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ኋላ ያስፈልገናል። መካኒኩ በጋራዥ ዘመኑ ልማድ ነበረው። መኪና ጠግኖ ሲጨርስ ሞተሩን ያስነሳና እስከ አፍ ገደፉ የተሞላ የሻይ ብርጭቆ ላዩ ላይ ያስቀምጣል። ሻዩ ካልፈሰሰ መኪናው ድኗል፤ ብርጭቆውን አንስቶ እዚያው ቆሞ ይጠጣና ቁልፉን ለባለቤቱ ይሰጣል። ከፈሰሰ ኮፈኑ አይዘጋም፣ ባለቤቱ ቢለምን ቢቆጣም አይዘጋም። እጁ እንዲህ ከሆነ ወዲህ ግን ሰው ፊት ሻይ ጠጥቶ አያውቅም። እንግዳ ሲመጣ "አሁን ጠጣሁ" ይላል። ብቻቸውን ሲሆኑ ሚስቱ ብርጭቆውን እስከ ግማሽ ብቻ ትቀዳለታለች። እሱም ለምን አይልም፣ እሷም አትናገርም።

እትዬ በመጨረሻ ተነሳች። ቁልፉ ሲዞር አስነጠሰች፣ ጭስ ተፋች፣ አገሳች። ልብስ ሰፊዋ "እሰይ የኔ እመቤት!" ብላ መሪውን ሳመችው። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ነዳጅ ሲረገጥላት ታገሳለች፣ እግር ሲነሳላት ጸጥ ትላለች። ሚኒሞ የላትም። መካኒኮች ሚኒሞ የሚሉት መኪናው ቆሞ፣ ነዳጅም ሳይረገጥ፣ ሞተሩ ለራሱ ቀስ ብሎ የሚተነፍሰውን ነው። እሱ ከሌለ መኪና አለኝ አይባልም፤ መንገድ ላይ በቆሙ ቁጥር እየሞተች ታዋርዳለች።

ሬዲዮ በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ "ነዳጁ ቆሽሾ ይሆናል" አለ። ነዳጁ ተቀየረ። "ካንዴላውን አይታችኋል?" አለ። ካንዴላው ተቀየረ። "ባትሪውስ?" ሲል ልብስ ሰፊዋ "ያንተን ባትሪ ማን በነቀለልን!" ብላ ዘጋችው። መካኒኩ ግን ዝም ብሎ ከአንዲት ብሎን ጋር ይታገላል። ሚኒሞ የምታስተካክለው ይህች ብሎን ናት፤ በካቻቢቴ የፀጉር ያህል ትዞራለች፣ ከዚያ ከበለጠ አይሆንም። ካቻቢቴው በእጁ ላይ እየተንቀጠቀጠ ከብሎኗ ራስ ይንሸራተታል፣ እንደገና ይሞክራል፣ እንደገና ይንሸራተታል። ሰነበተበት። ፊቱ በየቀኑ ሲጠቁር ሚስቱ ታያለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኮፈኑን ዘጋውና እጁን በጨርቅ ጠረገ።

"በቃ" አለ።

"ምኑ ነው በቃ?"

"ጥፋቱ የእትዬ አይደለም፣ የእጄ ነው። ብሎን ማዞር ያቃተው እጅ የመካኒክ እጅ አይደለም። አሮጌ ብረት ገዢው ጋ ደውያለሁ። ነገ ረፋዱ ላይ መጥቶ ይወስዳታል። የመፍቻ ሳጥኑንም አብሮ ይውሰድ።"

ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን ቢል ትችለው ነበር። የመፍቻ ሳጥኑን ሲል ግን አልቻለችም። ያን ሳጥን ሲገባም ሲወጣም እንደ ልጅ ሲያቅፈው ነው የምታውቀው። እሱን ከሰጠ ምን ይቀረዋል? ከነገ ጀምሮ ግድግዳ እያየ ሊቀመጥ ነው?

"አብደሃል እንዴ አንተ ሰው?"

"በሞቴ ተይኝ እሜቴ።"

በሞቴ ካለ አይመለስም። ተወችው። ያን ዕለት ሁለቱም እራት ነካ አድርገው ተነሱ።

በማግስቱ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ግቢውን የሚያሳየው መስኮት ሥር፣ ስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠች። መካኒኩ ውጪ የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ተቀምጦ መፍቻዎቹን አንድ በአንድ ይወለውላል። ለሰው ሲሰጥ እንኳ ቆሽሸው እንዲሄዱ አይፈልግም። እሷም እሱን ላለማየት የመንደሩ ፖስተኛ ኪሱን ስፊልኝ ብሎ የተወውን የዝናብ ልብስ ሳበች። ኪሱን ሰፍታ ልታጥፈው ስትል ብብቱ ሥር ትንሽ ቀዳዳ አየች። ልብስ ሰፊዋ ቀዳዳ አይታ አታልፍም፣ ብትለመንም ባትለመንም ትደፍናለች። ክር አስገባች። መርፌዋን ልትሰካ ስትል ጣቷ የቀዳዳውን ዳር ነካው። ዙሪያው በክር ተዘምዝሟል።

"ውይ፣ ይሄስ ሆን ተብሎ የተበሳ ነው" አለች ለራሷ። "ሰውየው እንዳይታፈን፣ አየር እንዲያስገባ።"

መርፌው አየር ላይ ቆመ።

ያ አሮጌ ጓርኒሲዮን። አንድ ጥግ ላይ፣ ከትልልቆቹ ቀዳዳዎች ራቅ ብላ፣ የመርፌ ራስ የምታህል ቀዳዳ ነበረችው። ብል በልቶታል ብላ ነበር። አዲሱን ስትቆርጥ ደግሞ፣ የብልን ቀዳዳ ማን ይገለብጣል ብላ፣ ደህና አድርጋ ሙሉ አድርጋ ሠርታዋለች!

ልብስ ሰፊ ልክ የወሰደበትን ነገር አይጥልም። የልክ ካርቶኗን ዘረገፈችው። ከኮሌታና ከእጅጌ ልኮች መሐል ያን ድርቅ ያለ ነገር አውጥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። ቀዳዳዋ ክብ ናት፣ ጥርት ያለች ክብ። ብል እንዲህ አይበላም። እትዬን አፍናት የከረመችው እሷ ራሷ ናት።

መጀመሪያ የመጣላት ያው የለመደችው ነው፤ "ታዲያ ለምን አልነገረኝም?" ልትል አፏ ተዘጋጅቶ ነበር። ከዚያ ግን ሌላው ነገር ገባት። ጥፋቱ የሷ ከሆነ የእጁ አይደለም። የእጁ አይደለም! ከወንበሯ ስትነሳ ወንበሩ ወደቀ። የዝናብ ልብሱ ትከሻዋ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ጫማ ሳታደርግ ወደ ግቢ ሮጠች።

"ጥፋቱ የኔ ነው! አንተ ሰው፣ የኔ ነው ጥፋቱ! ተመስገን፣ የኔ ነው!"

አጥሩ ላይ የሬዲዮ ጭንቅላት ብቅ አለ። "ምን አልሽ? እስቲ ድገሚው! ምስክር ልጥራ?"

"ጥራ! መንደሩን ሁሉ ጥራ! ያጠፋሁት እኔ ነኝ!"

መካኒኩ ሰው የሞተ መስሎት ብድግ ብሎ ነበር። ጓርኒሲዮኑን እጁ ላይ አስቀመጠችለትና ቀዳዳዋን በጥፍሯ አሳየችው። "ብል መስሎኝ አዲሱ ላይ አልበሳኋትም።" ወደ ብርሃን አነሳው። ቀዳዳዋ በእጁ እየተንቀጠቀጠች ብርሃን አሳለፈች። አገላብጦ አየው።

"የሚኒሞ መተንፈሻዋ ናት" አለ በመጨረሻ። "እኔ እኮ ሁሉን ጠርጥሬ ያንቺን ሥራ መጠርጠር አልመጣልኝም። የራሴን እጅ ጠረጠርኩ።"

ዓይኑ ዕንባ ሞላ፤ የሷም እንዲሁ። ግን ብረት ገዢው ሊመጣ ነው፣ የማልቀሻ ጊዜ የለም። ካርቡራተሩን ፈቱት። ልብስ ሰፊዋ አዲሱን ጓርኒሲዮን በአሮጌው ላይ አስተካክላ ቆዳ በምትበሳበት ወስፌ በሳችውና መልሰው ገጠሙት። የቀረችው ብሎኗ ናት። መካኒኩ ካቻቢቴውን ወደሷ ዘረጋ።

"አንቺ አዙሪልኝ።"

"አልነካም። ያበላሸሁት ይበቃኛል። ብሎኗ ያንተ ናት" አለችና መሪው ፊት ገብታ ተቀመጠች።

እትዬ ተነሳች። ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከነዳጁ ላይ ቀስ አድርጋ አነሳች፣ ትንፋሿን ይዛ። አልሞተችም። ተወላገደች፣ አንዴ ልትጠፋ ብላ ተመለሰች፣ ግን አልሞተችም። መካኒኩ ክንዱን በመኪናዋ ጎን ላይ አስደግፎ፣ ጆሮውን ቀስሮ፣ ካቻቢቴውን ብሎኗ ላይ አሳረፈ። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ብሎኗ ግን አሁን ስትነካ የምትሰማ ሆናለች። ትንሽ ወደ ግራ። አይ፣ በዛ። ትንሽ መለስ። ሞተሩ ቀስ በቀስ ሐሳቡን ሰበሰበና አንድ ወጥ ድምፅ ሆነ፣ ጠግቦ እንደተኛ ሕፃን።

በዚህ መሐል ብረት ገዢው ሰንሰለቱን ይዞ በሩ ላይ ደርሷል። "አባባ፣ የምትወሰደው የትኛዋ ናት?" አለ። ሬዲዮ፣ ይገርማችኋል፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም አሰኘው።

"ሻይ" አለ መካኒኩ።

ልብስ ሰፊዋ ሮጣ ገብታ እስከ አፍ ገደፉ ሞልታ አመጣች፣ አየር ማጣሪያው ክዳን ላይም አስቀመጠችው። ሻዩ ትንሽ ተሸበሸበና ረጋ። አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ሬዲዮ አጨበጨበ፣ ብረት ገዢው ምኑም ሳይገባው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም መካኒኩን ማየት ጀመሩ። ያኔ ነው ልብስ ሰፊዋ ያደረገችው የገባት። ሊጠጣው ነው፤ ሰው እያየ፣ ሙሉ ብርጭቆ። ልታነሳው እጇን ዘረጋች።

"ተይው" አለ።

በሁለት እጁ ያዘው። ገና ከክዳኑ ሳይነሳ ሻዩ አንጓው ላይ ፈሰሰ፣ ከዚያ እጅጌው ላይ፣ ከዚያ ደረቱ ላይ። "እትዬ አላፈሰሰችም፤ እንግዲህ እኔ ላፍስስ" አለና የተረፈውን ጠጥቶ ባዶውን ብርጭቆ ለሚስቱ ሰጣት። ወደ ብረት ገዢው ዞሮም "ልጄ፣ በከንቱ አለፋሁህ፣ ይቅርታ። ሳጥኑም አይሄድም። ቁጭ በል፣ ሻይ ትጠጣለህ" አለው።

ከዚያ ሚስቱን አያት፣ ሸሚዙ እንደራሰ። "እሜቴ፣ ስላጠፋሽ እግዜር ይስጥልኝ።"

"ብቻ እንዳትለምድብኝ" አለችው። ዕንባዋን በፖስተኛው የዝናብ ልብስ ጠርጋ ሻይ ልትቀዳ ገባች። ለሬዲዮ ቀዳች፣ ለብረት ገዢው ቀዳች። የባሏን ብርጭቆ እንደ ልማዷ እስከ ግማሽ አድርሳ እጇ ቆመ። ከውጭ የእትዬ ድምፅ ይሰማል። ማንቆርቆሪያውን እንደገና አዘነበለችና እስከ አፍ ገደፉ ሞላችው።