የኪዳኑ ወንፈል

«እትዬ ስሜነሽ፣ አያ አዝመራው ምን አሉ?»

ጠያቂዋ ሃና ናት፤ ከቆሰበር የሚመጡት በጎ ፈቃደኞች አስተባባሪ። በሣልስቱ ባልደረቦቿን አስከትላ ለቅሶ ደርሳለች። ሽማግሌው የተናገሩት በአዊኛ ነው። እንዲህ ሲሆን የሚተረጉምላት ኪዳኑ ነበር፤ ዛሬ ለቅሶው የእሱ ሆነ።

ሚስቱ ስሜነሽ ለመተርጎም አመነታች። ሽማግሌው ያሉት ይህን ነበር፦ «ኪዳኑ ወንፈል ነው ብሎናል። ሦስት ሳምንት ምንጫችንን ገነባችሁልን። ብድራችሁን መቼ እንመልስ?»

ሃና ስለ ወንፈሉ የምታውቀው የለም።

የካቲት ላይ ሰፈሩ እንግዶቹን አልቀበልም ብሎ ነበር። «ብድር የማይፈልግ እጅ መሬት ይፈልጋል» ተባለ። ኪዳኑ ከስብሰባው ተመልሶ፣ ከስሜነሽ ጋር ከለቀሙት ድንች ላይ አፈር እያራገፈ ሣቀ።

«ወንፈል ነው አልኋቸው። ዛሬ እነሱ ለእኛ፣ ነገ እኛ ለእነሱ።»

«ለሃናስ?»

«‹ተስማምተዋል› አልኋት።»

«አንተ ሰው! ሁለቱንም ዋሸህ?»

«ገና አልዋሸሁም። ሳንመልስ የቀረን ዕለት ነው ውሸት የሚሆነው።»

ዳሱ ውስጥ አዝመራው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ምነው ስሜነሽ? ባልሽ ቢሆን እስካሁን ተርጉሞ፣ ከራሱም አንድ ቀልድ ጨምሮበት ነበር።»

ከዳሱ ጥግ አንድ ሰው ሣቀና ወዲያው አፉን ያዘ።

ሃና «በነጻ ነው፣ ምንም አንፈልግም» ካለች፣ መቃብሩ ያልደረቀው ባሏ በአገሩ ፊት ውሸታም መሆኑ ነው። መደበቅ ትችል ነበር። ግን ወደ ሃና ዞረችና ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻት፤ ኪዳኑ ያኔ «ሳንመልስ የቀረን ዕለት» ያላትንም ጭምር።

ሃና ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«እኛ ሰጥቶ መሄድ ብቻ ነበር የምናውቀው» አለች። «ዳንግላ ክረምት ሳይገባ የሁለት አሮጊቶችን ቤት ልንሠራ ነው። ጭቃ ማቡካት እንኳ አልቻልንበትም፤ ባለቤቶቹ ይስቁብናል። ይመጡልናል?»

ስሜነሽ ተረጎመች።

«ጭቃማ የእኛ ነው!» አሉ አዝመራው ዱላቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው። «ከየቤታችሁ ስንት ስንት ሰው? ጣት አውጡ።»

በዳሱ ውስጥ ጣቶች ተነሡ። ስሜነሽም ሁለት ጣት አነሣች።

አዝመራው እየቆጠሩ እሷ ዘንድ ሲደርሱ ቆጠራቸውን አቆሙ። ስሜነሽ ጣቶቿን አየች። ከዚያ አንዱን ቀስ አድርጋ አጠፈችው።