የመልከኛው ልጅ

ጣሊያን ቡታጅራ ዳር የመንገድ ሥራ ካምፕ በተከለ በዓመቱ ልብስ አጣቢ ሴቶች ይፈለጋሉ ተባለ። ወለተጊዮርጊስም ነጠላዋን አጣፍታ ከጎረቤቷ ከኡሚ ጋር ካምፑ በር ላይ ተሰለፈች። ባሏ ማይጨው ዘምቶ እዚያው ቀርቷል። ልጆቿ ውለው የሚያድሩት ኡሚ ቆርሳ በምትሰጣቸው ቆጮ ነበር።

ሠራተኛ የሚመርጠው ኃይሌ የሚባል የአገሩ ተወላጅ ነው። ጣሊያንኛ ስለሚሞካክር ካቦ አድርገውታል፤ እሱ የፈቀደው ይገባል፣ ያልፈቀደው ይመለሳል። ኡሚን ገና ሲያያት በእጁ አሳለፋት። ወለተጊዮርጊስ ዘንድ ሲደርስ ቆመ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

እንደሚያውቃት ታውቃለች። ቡታጅራ ተወልዳ ቡታጅራ ያደገች ናት።

«የባላምባራስ ያረጋል።»

«ከሰሜን መጥቶ መሬታችን ላይ የተሾመው መልከኛ። አባቴን ግብር አጎደልክ ብሎ ደጁ ላይ አስሮ ዝናብ ሲያስመታው የዋለው።»

«እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ አቶ ኃይሌ።»

«እኔም ልጅ ነበርኩ» አለ። «ለእናንተ ወገን እዚህ ሥራ የለም። ዞር በይ።»

ዞር አላለችም። ባዶ እጇን ቤት ገብታ ልጆቿን ምን ልትላቸው ነው? ይሄኔ ኡሚ ከውስጥ ተመለሰች። «ካቦ፣ የአባቷን ዕዳ በእሷ ላይ አትጣል። ታጥባለች እንጂ አትገዛህም።»

ኃይሌ ሳቅ አለ። «እሺ ትግባ። በመጀመሪያ ግን ‹አባቴ ሌባ ነበር› ትበል። ሰው ሁሉ ይስማ።»

 ከኋላ ከተሰለፉት አንዷ «ብትል ምን አለበት?» ስትል ሰማቻት። ጆሮዋ ጋለ። ወለተጊዮርጊስ ቃሉን ዝቅ ባለ ድምፅ አለችው። «አልተሰማም» ብሎ አስደገማት።

ሥራው ተሰጣት። የሰጣት ግን ሌሎቹ የሚሸሹትን፣ ቅማል የወረረውን የአስካሪዎቹን፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮችን፣ ብርድ ልብስና መግል የጠጣውን የቁስል መጠቅለያ ነበር። ይህንስ ትችለው ነበር። ያልቻለችው የየጠዋቱን ነው። በሩ ላይ ባለፈች ቁጥር «አባትሽ ምን ነበር?» ይላታል፤ እሷም ትመልሳለች፤ ሴቶቹም አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ።  ቃሉ ገሚሱ እውነት ባይሆን ኖሮ ባልከበዳት ነበር። አባቷ ደጅ ታስረው የሚውሉትን ሰዎች ታስታውሳለች።

አንድ ጠዋት ኃይሌ ከጣሊያኑ አለቃው ጋር ቆሞ ጠበቃት። ሊያስቀው ፈልጓል።

«እስቲ ንገሪው። አባትሽ ምን ነበር?»

ወለተጊዮርጊስ የተሸከመችውን አወረደች። «አባቴ የአባትህን ላብ በልቷል» አለች። አንቱታውን ትታዋለች። «አባትህ ግን ያ ሁሉ ግፍ ወርዶበት በሰው ውርደት ሲስቅ አይተነው አናውቅም። አንተ በማን ወጣህ?»

ጣሊያኑ ምን እንዳለች ጠየቀ። ኃይሌ አላስተረጎመለትም። አለንጋውን አንስቶ ፊቷ ላይ አሳረፈባት። ሲደግማት ከኋላዋ የነበረችው ኡሚ መሀል ገባች፤ ሁለተኛው የኡሚን ትከሻ ላጠው። ዘበኞች ሁለቱንም ከበሩ ገፍትረው አስወጧቸው፤ ሥራቸውም በዚያው ቀረ።

 መንገድ ላይ ኡሚ «ዛሬን ዝም ብትይ ምን ነበር?» አለች።

«መሀል ግቢልኝ አላልኩሽም።»

«አላልሽም። እኔም ግን የማበላቸው ልጆች አሉኝ።»

ከዚያ ወዲያ ተኳረፉ። ኡሚ ወንዝ ወርዳ የካሚዮን ሾፌሮችን ልብስ ማጠብ ጀመረች። ወለተጊዮርጊስም ሌላ መላ ስላጣች ከእሷ ዝቅ ብላ የነጋዴዎችን ማጠብ ያዘች። ቀኑን ሙሉ አንድ ወንዝ ላይ ጀርባ ተሰጣጥተው ይውላሉ። ኃይሌ አልፎ አልፎ ድልድዩ ላይ ቆሞ ያያቸዋል፤ ቀና ብለው አያዩትም።

አንድ ቀን ኡሚ ውኃ የጠጣ ወፍራም ብርድ ልብስ ብቻዋን ልትጨምቅ ስትታገል ቆይታ አቃታት። የተገረፈው ትከሻዋ ገና አልዳነም ነበር።

«ወዲያ ጫፉን ያዢ» አለች፣ ስም ሳትጠራ።

ወለተጊዮርጊስ ወጥታ ያዘች። አንዷ ወደ ቀኝ፣ አንዷ ወደ ግራ ጠመዘዙት፤ ውኃው እግራቸው ላይ ወረደ። ሲጨርሱ ኡሚ ብርድ ልብሱን ድንጋይ ላይ አሰጣችው።

«ነገ ማልደሽ ነይ። ሾፌሮቹ ልብሱን በጠዋት ነው የሚያመጡት» አለቻት፣ ፊቷ እንደተቋጠረ።