ከአርሂባ በታች ያለው በር

እንቁ በሶማልኛ አንድ ነገር ስትናገር ምንጣፉ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ቀና ብለው ዘከሪያን አዩት። የዙለይካ ወንድም ነው ማለቷ መሆን አለበት። አንዲት ወፍራም አሮጊት ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳችና ሁለት እጁን ይዛ አለቀሰች። እሱ አላለቀሰም። ቤት ተሳስቶ የሌላ ሰው ለቅሶ ላይ የገባ ነበር የሚመስለው።

«ማማ ሐዲጃ ናት» አለችው እንቁ። «ዙለይካ እዚህ ነበር የምትሠራው። የምትኖረውም ከእሷ ጋር ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

እንቁ ወለሉን አየች። «ከኦቦክ ከተመለሰች ጀምሮ» አለች።

ቀስ ብላ ወደ ውጭ ወሰደችው፤ ወንዶቹ ከሕንፃው ጥላ ሥር ሸራ ወጥረው ተቀምጠዋል። ቦታ ለቀቁለት። አንዱ ውሃ ሰጠው። ሌላው በዓረብኛ ዱዓ አደረገለት። ዘከሪያ «አሚን» ይላል፤ ግን ለማን እንደሆነ ገና አልገባውም።

የስልኩ ጥሪ ሲመጣ ጋላፊ ድንበር ላይ ባዶ ተሳቢውን አቁሞ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። ቁጥሩ የጅቡቲ ነው። አንዲት የማያውቃት ሴት እህትህ ዐረፈች አለችው። ተሳስተሻል፣ የእኔ እህት ጅዳ ናት አላት።  ሴትዮዋ ግን «ዘኩ» አለችው። እንደዚያ ብላ የምትጠራው ዙለይካ ብቻ ነበረች። በረሃውን እንዴት እንዳቋረጠ አያስታውስም። ሲደርስ የተቀበለችው ያቺው ደዋይ እንቁ ነበረች፤ እህቱ ግን ተቀብራ ነበር።

ዙለይካ ከባቲ የወጣችው ሲምቦ ከምትባል የጎረቤት ልጅ ጋር ነው። ጅቡቲ፣ ኦቦክ፣ ከዚያ በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳውዲ። ወራት አለፉና ጅዳ ገብቻለሁ ብላ ደወለች። እናታቸው ያን ቀን ለሰፈሩ ሁሉ ልጄ ባሕር ተሻገረች ብላ ተናገረች። ከዚያ ወዲህ ዙለይካ በየሳምንቱ በኢሞ ትደውላለች፤ ቁጥሩ የሳውዲ ነው። ዘከሪያ ሹፌር ሆኖ ጅቡቲ መመላለስ ሲጀምር ደግሞ አብዝታ መደወል ጀመረች። የት ደረስክ ትለዋለች። ፒኬ 12 መኪና ማቆሚያው ነኝ፣ ሙቀቱ ሊገድለኝ ነው ይላታል። ጅዳም ያው ነው ትለዋለች።

ያን ሁሉ ጊዜ በሚኒባስ አንድ መንገድ ርቀት ላይ ነበረች።

ማታ ሰው ሲቀንስ እንቁ የሻይ ብርጭቆ ይዛ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። እሷም እንደ ዙለይካ የቤት ሠራተኛ ናት፤ በዕረፍት ቀናቸው ነበር የተዋወቁት። ያልጠየቃትን ሁሉ ነገረችው። ዙለይካ ኦቦክ ላይ እስከ ጉልበቷ ውሃው ውስጥ ገብታ ነበር። ጀልባው ላይ ያሉት ይጮኹባታል፤ ደላላው ከኋላ ይገፋታል። እግሯ እምቢ አለ። ሲምቦ ተሳፈረች፤ እሷ ዳር ላይ ቀረች። በኋላ ሲምቦ ጅዳ ስትደርስ ኢሞውን በራሷ የሳውዲ ቁጥር አወጣችላት።

«ለምን አልነገረችንም?»

«ባሕር ተሻገረች ተብሎ ከተወራ በኋላ ከዳሩ ተመለስኩ ብላ እንዴት ትንገራችሁ?» እንቁ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠች። «ፒኬ 12 ነኝ ባልካት ቁጥር ትሄድ ነበር። ተሸፋፍና፣ አንተ ምሳ በምትበላባት ሻይ ቤት በር ላይ ቁጭ ብላ ታይሃለች። አንድ ቀን ምሳህን ከፍላልሃለች።»

ዘከሪያ ያን ቀን አስታወሰ። አስተናጋጇ ተከፍሏል ስትለው ከሹፌሮቹ አንዱ ነው ብሎ ዞር ዞር ብሎ ፈልጎ ነበር። አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀምጣ ነበር። አይቷታል። አይቷት ወደ መኪናው ሄደ።

በማግስቱ ሙሐመድአሚን የሚባል ጎረቤት፣ የወደብ ጡረተኛ ነው፣ የሞተችበትን ቦታ ላሳይህ አለው። አማርኛውን ከሹፌሮች ነው የለመደው። ከሰፈራቸው ከአርሂባ በታች፣ የሰፈሩን ውሃ ወደ ባሕር የሚያወጣ አሮጌ ቦይ አለ። ጫፉ ላይ ከድንጋይ ግንብ መሃል የቆመ የብረት በር ነበር፤ ባሕሩ ሲሞላ የሚዘጋ፣ ሲጎድል የሚከፈት። ዝጎ ከቆመ ቆይቷል። ባለፈው ዝናብ ጊዜ ባሕሩ በተከፈተው በር ገብቶ ከጎርፉ ጋር ተገናኘና ምድር ቤቶቹን ሞላ። ማማ ሐዲጃ መራመድ አትችልም ነበር፤ ዙለይካ በጀርባዋ አዝላ እስከ ደረት በሚደርስ ውሃ ውስጥ አወጣቻት።

ከዚያ የሰፈሩ ሰው ማንንም አንጠብቅም ብሎ በዕረፍት ቀኑ፣ አርብና ቅዳሜ፣ በሩን በደቦ ሊጠግን ተነሳ። መጀመሪያ የተመዘገበችው እሷ ናት። ብዙዎቹ ዳር ላይ ሆነው ባልዲ ሲቀባበሉ እሷ ቦዩ ውስጥ ወርዳ ጭቃ ትዝቅ ነበር። እንቁ አንቺ ባሕር የምትፈሪው አይደለሽም ወይ ብላ ስቃባታለች።

«ያኛውን አልቻልኩትም» አለች ዙለይካ። «ይኼኛውን ግን እኔ ነኝ በር የምዘጋበት።»

በሩ አርብ ረፋድ ላይ ተንቀሳቀሰ። ሰው ሁሉ እልል አለ። ሰንሰለቱን እየሳቡ ዝቅ ሲያደርጉት ለብዙ ዓመት በጭቃ ተደግፎ የቆየው የጎን ግንብ ተነቃነቀና ወደ ውስጥ፣ ዙለይካ ላይ ወደቀ።

ሙሐመድአሚን ይህን ተናግሮ በእጁ አመለከተ። ዘከሪያ ወደ ታች አየ። ግንቡ ክፍት አፍ ሆኖ ቀርቷል። በሩ ግን ወርዶ ተዘግቷል፤ በወዲያ በኩል ባሕሩ ከፍ ብሎ ቆሟል፣ በወዲህ በኩል የቦዩ ጭቃ እየደረቀ ነው። እሷን ካወጡ በኋላ ማንም አንድ ድንጋይ አልነካም። ዘከሪያ እጁን ግንቡ ላይ አሳረፈ። ሙቅ ነበር። ምንም አልተሰማውም፤ ያ ነው ያስፈራው።

ሲመለሱ፣ ዘከሪያ ማታውኑ ደውሎ ሁሉን የነገረው አጎቱ ኑረዲን ከባቲ ደወለ። ሽማግሌዎቹ መርዶውን ለእናቱ ሊነግሩ ተሰባስበዋል። አጎቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስከሬኑ እንደሁ አይመጣ፣ ጅዳ ሞተች ብንል ምን አለበት፣ እናትህ ለምን ሁለት ሐዘን ትሸከማለች አለው።  ሻይ ቤቱ በር ላይ ፊቷን ያዞረችውን ሴት ዘከሪያ አሰባት። አሁንም ጅዳ ናት ካለ ያቺን ሴት ዳግመኛ እንዳላየ ማለፉ ነው።

«ጅቡቲ በሏት» አለ።

ከሰዓት በኋላ እናቱ ደወለች። እሱ በዙለይካ ክፍል፣ በዙለይካ ፍራሽ ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ እንቁና ማማ ሐዲጃ ፊት ለፊቱ ናቸው። ከስልኩ ውስጥ መጀመሪያ የጎረቤት ሴቶች ለቅሶ ተሰማ። ከዚያ የእናቱ ትንፋሽ።

«አንተ በምትመላለስበት ከተማ?»

«አዎ እማ።»

ለምን አላየሃትም ብላ ልትወቅሰኝ ነው ብሎ ጠበቀ። 

«ከስታ ነበር?» አለች እናቱ።

ዘከሪያ አያውቅም። አላየም። ከተለያዩ ጀምሮ አንድም ቀን ፊቷን አላየም። ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ እንቁን ተመለከታት።

«ከስታ ነበር ወይ ትላለች» አላት።

 እንቁ ሁለት እጇን ፊት ለፊቷ አንስታ የዙለይካን ትከሻ ስፋት በአየር ላይ አሳየችው። ማማ ሐዲጃ ምን እንደተጠየቀ በሹክሹክታ ጠየቀቻት፤ እንቁም እጇን ሳታወርድ በሶማልኛ ነገረቻት።

አሮጊቷ አይደለም በሚል ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወደ እንቁ ጠጋ ብላ፣ የእሷን ሁለት እጆች በቀስታ ይዛ፣ ትንሽ ሰፋ አደረገቻቸው።