ለአማት የተመረጠ ስልክ

ቱት የውኃ ጥራት መርማሪ ነው፤ ሳይሞክር የሚያምነው ነገር የለም። ለሚስቱ እናት ስልክ ሊገዛ ጋምቤላ ገበያ ወደ ሙስዓብ ሱቅ ሲገባ፣ ባለሱቁ ይህ ሰው ሥራ እንደሚያስፈታው ከመጀመሪያው ገብቶታል።

«ትልቁን ውሰድላት፤ ቴሌቪዥን በለው» አለ ሙስዓብ።

«ትከሻዋ ላይ በምታስረው ጨርቅ ጫፍ ቋጥራ ነው የምትይዘው። ትልቁ ይወድቅባታል።»

ሴትየዋ የምትኖረው ኢታንግ ነው። ማንበብ ስለማትችል ድንበር ማዶ ካሉት ወንዶች ልጆቿ ጋር የምትገናኘው በድምፅ መልእክትና በሚልኩላት የልጅ ልጆቿ ፎቶ ነው። ቱት የፈለገው መዳፍ ውስጥ የሚገባ፣ ዋጋው የማይከብድ፣ ሁለት ሲም የሚይዝ፣ ባትሪው ቶሎ የማያልቅ፣ ከሁሉም በላይ ድምፁ ጎላ ያለ ስልክ ነበር። ብዙ አንስቶ ብዙ ከመለሰ በኋላ አንድ ትንሽ ሰማያዊ ስልክ ልቡ ወደደ። ምሳ ሰዓት ደርሶ ስለነበር ሙከራው አጠገባቸው ባለው ምግብ ቤት ቀጠለ። ሙቀቱ ስላስጨነቀው ሸሚዙን ከፍቶ፣ ስልኩን በውኃ ጠርሙስ አስደግፎ፣ የተጠበሰ ዓሣ እየበላና እየሳቀ ራሱን ቀረጸ። መልሶ አየው። የዓሣው እሾህ ሲሰበር ሳይቀር ይሰማል።

«አሁንስ ረካህ?» አለ ሙስዓብ። «ሚስትህንም እንዲህ መርምረህ ነው ያገባሃት?»

«ያኔ የተመረመርኩት እኔ ነኝ፤ መርማሪዋም እናቷ።»

ተሳሳቁ። በማግስቱ ስልኩ በሚኒባስ ወደ ኢታንግ ተላከ።

የቱት ሚስት ኛዱዋል የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ተቃርባለች። እንደ ወጉ ቢሆን እናቷ ቤት ሄዳ ነበር የምትወልደው፤ ሐኪም መንገድ ስለከለከላት እናትየዋ ልትመጣ ቃል ገብታለች። ስልኩ ከደረሳት ወዲህ ግን ድምፅዋ ጠፋ። ኛዱዋል ተጨንቃ ወደ እናቷ ጎረቤት ወደ ኛቴኒ ደወለች፤ ብዙ ካወሩ በኋላ ወደ ባሏ ዞረች።

«ዓሣ በልተሃል?»

«መቼ?»

«እናቴ ፊት።»

ቱት የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። በእነሱ በኑዌሮች ወግ ወንድ አማቱ እያየችው አይበላም፤ ገላውንም አያሳያትም። ካገባ ጀምሮ በዚያች ሴት ፊት ውኃ እንኳ ጠጥቶ አያውቅም፤ ስትመጣ በጓሮ ዞሮ ነበር የሚወጣው። አሁን ግን ማጥፋት በረሳው ቪዲዮ ደረቱን ገልጦ፣ አፉን ሞልቶ ቤቷ ድረስ ገብቷል።

«የልጆቹን ፎቶ ልታይ በነካች ቁጥር አንተ ትመጣለህ» አለች ኛዱዋል። «ማጥፋቱን አታውቅበትም። ስታኝክ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶሃል፤ ያን ድምፅ ራስህ ነህ የመረጥከው። አሁን ስልኩን ቅል ደፍታበታለች። 'በምን ዓይኔ የሰውዬው ቤት እገባለሁ' ትላለች።» ከዚያ አለቀሰች። «ማን ሊያዋልደኝ ነው?»

ሲነጋ ቱት ኢታንግ ሄደና ከአማቱ አጥር ውጭ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ቆመ። ኛቴኒ ስልኩን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ትኩስ ድስት እንደያዘ ሰው አርቃ ይዛ ወጣች።

«ባለ ዓሣው! ጠገብክ ወይስ ገና ነህ?»

ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ስልኩን ተቀብሎ ቪዲዮውን ሊያጠፋ ሲል ላብ ያራሰው አውራ ጣቱ ስቶ ከፈተው። የራሱ ማኘክና የራሱ ሳቅ አጥሩን ተሻግሮ ገባ። ውስጥ ሲወቀጥበት የነበረው ሙቀጫ ዝም አለ። ቱት ቪዲዮውን አጠፋ፤ የተሰረዘ የሚቀመጥበትንም ከፍቶ ከዚያ አጠፋው፤ እንደገና ፈለገ፤ ደግሞ ፈለገ። ስልኩን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ፣ አሁንም ፊቱን ሳያዞር፣ ክንዱን ወደ ኋላ ዘርግቶ ሰጣት።

ከአጥሩ ጀርባ የሴት ድምፅ ተሰማ፤ የምታናግረው ኛቴኒን ነው።

«ለመንገደኛው ንገሪው። ቅዳሜ ልጄ ዘንድ እሄዳለሁ። ስልኩ ውስጥ የልጅ ልጆቼን እንጂ ሌላ ሰው አላየሁም።»

ሙቀጫው እንደገና ጀመረ። ቱት ሸሚዙ እስከ አንገቱ መቆለፉን በእጁ ዳበሰ።

መንገድ ሲጀምር ኛቴኒ የተጠበሰ በቆሎ ይዛ ተከተለችው። «እንካ፣ ለመንገድህ ነው። ከእሷ ነው» አለችና ሳቋን ዋጠች። «እዚህ እንዳትበላው ብላለች።»

ርቦት ነበር። አጥሩ ከዓይኑ ከጠፋ በኋላም አልነካውም፤ ጋምቤላ እስኪደርስ ድረስ ጭኑ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ሸፈነው።