ጠጥቼ የት ልሂድ?

ቬስቲ ሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ስትደርስ እግሯ ተሸማቀቀ፤ በአናቷ የተሸከመችው ጡብ ተንኮታኩቶ ወረደ። ከኋላዋ የምትወጣው የባሏ እናት ካንኩ የራሷን ጭነት ወርውራ ወገቧን ባትይዛት ኖሮ ልጅቱም ጡቡን ትከተለው ነበር።

"እግሬን! እማዬ፣ እግሬን ያዘኝ!"

ባቷ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ላቧ ጀርባዋ ላይ ደርቆ ነጭ ጨው ሠርቷል። የሕንዷ አህመዳባድ ግንቦት ነው፤ ብረት በባዶ እጅ አይነካም። የካንኩ ባል ሩማል ጩኸት ሰምቶ እየሮጠ ሲመጣ፣ ቬስቲ እንዲያ ሆናም የሳሪዋን ጫፍ ጎትታ ፊቷን ሸፈነች። ምራት ለባሏ አባት ፊቷን አትገልጥም፤ ወግ ነው።

"ከጠዋት ጀምሮ ምን ጠጣሽ?" አለች ካንኩ።

"ምንም። አንቺው አይደለሽ እንዴ፣ ተጉመጥምጠሽ ትፊው ያልሽኝ?"

ከዳሆድ ገጠር ለሕንፃ ሥራ የሚመጡ ሴቶች ሁሉ የሚያውቁት ብልሃት ይኸው ነው፤ ለሴት ሽንት ቤት የለም፣ ስለዚህ እስኪመሽ አይጠጣም። የካንኩን እናት ኩላሊት የበላውም ይኸው ብልሃት ነበር። እሷ ደግሞ እንደ ወርቅ አምባር ለምራቷ አወረሰችው። በራሷ ተናደደች፤ ንዴቱ ግን ራሷ ላይ ብቻ አልቆመም።

ሩማል የአሬራ ጠርሙስ ይዟል። ካንኩ ማለዳ ተነስታ ንጣ፣ ጨውና ከሙን ጨምራ ለወንዶቹ ያመጣችው ነው። ከእጁ ነጠቀችው።

"ምነው ሴትዮ! ገና አፌ ላይ ሳላደርሰው!"

"አንተማ የልጄ አባት፣ ግድግዳው ሁሉ ያንተ ነው። ብትጠጣ ምን ቸገረህ!" ጠርሙሱን ለቬስቲ አስያዘቻት። "ላብሽ ጨውሽን ጠርጎ ይዞት ወጥቷል፤ ውሃ ብቻ አይመልሰውም። ይሄን ጠጪ።"

ቬስቲ ራሷን ነቀነቀች። "ጠጥቼ የት ልሂድ? ወንድ ፊት ልቀመጥ?"

"መሄጃውን ለኔ ተይው።"

የሥራው አለቃ ጂቫ እያለከለከ ወጣ። "ምንድን ነው ይሄ? ሠርግ ቤት መሰላችሁ?"

"ጂቫ ወንድሜ፣ የማሳያውን ቤት ቁልፍ ስጠኝ።"

አንደኛው ፎቅ ላይ ለገዢዎች ማሳያ የተሰናዳ አፓርታማ አለ፤ ሁለት ሽንት ቤት፣ እንደ ልብ የሚወርድ ውሃ፣ እብነ በረድ። እብነ በረዱን በአናታቸው ተሸክመው ያስገቡት እነዚሁ ሴቶች ናቸው።

"አብደሻል? እኔ ራሴ ጫማዬን አውልቄ የምገባበት ቤት ነው!"

"እኛም እናወልቃለን።"

"ነገ ሌሎች ሴቶች አመጣለሁ!"

"አምጣ! እነሱም ሽንት አላቸው።"

ጩኸቱ የሰበሰባቸው ወንዶች በሳቅ ፈነዱ። ሴቶቹ አልሳቁም፤ "ዝም አይነቅዝም" እያሉ የኖሩ ናቸው፣ ከሥራ መባረርም ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ካንኩ ከምሳዋ ቋጠሮ ሎሚ፣ ጨውና ስኳር አወጣች፤ ለወንዶቹ በተቀመጠው የውሃ ማሰሮ ውስጥ ጨምራ አማሰለችው። ከዚያ ሁሉም እያያት በጣሳ ቀድታ ጠጣች፤ ደገመችም። ጣሳውን ለጎረቤቷ ለጁምሊ ዘረጋች። ጁምሊ ጂቫን አየች፣ ደረጃው ላይ የተቀመጠችውን ልጅ አየች፤ ተቀብላ ጨለጠችው። ሌሎቹም ተራ በተራ ቀዱ።

"እንግዲህ ጠጥተናል፣" አለች ካንኩ አፏን እየጠረገች። "ወይ ቁልፉ ይመጣል፣ ወይ ማሳያው ቤት በር ላይ እንቀመጣለን። ገዢዎችህ ስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?"

ጂቫ ወደ ግቢው በር ተመለከተ። አሁን ሩማል ሳይቀር የሚስቀው በእሱ ነበር።

"ካንኩ፣ እባክሽ... እኔም ከላዬ ሰው አለብኝ።"

"አለብህ። እኔ ደግሞ ይቺ ልጅ አለችኝ። ሬሳዋን ወደ ዳሆድ አልመልስም።"

የጂቫ እጅ ቁልፉ ወዳለበት ኪሱ ሄደ፤ እዚያው ቆየ፤ አልወጣም። ቬስቲ ያንን እጅ ስታይ ቆየች። ከዚያ መጠበቁን ተወችና የጠርሙሱን ክዳን ከፍታ መጠጣት ጀመረች።

"ቀስ እያልሽ፣" አለቻት ካንኩ፤ "ገና ሌላም አለ።"